ድመቷ ለምን ድንች መሰለች?

ልጅዎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲታገል ቆይቶ «እማዬ፣ ነይና እዪልኝ» ብሎ ጠራዎት እንበል። ስክሪኑ ላይ አንድ ቡናማ፣ ድቡልቡል ነገር ተቀምጧል። «ምንድን ነው? ድንች ነው?» አሉት። ድመት ነበረች። ልጁ ምንም ሳይመልስ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ወጣ። ይህን ስሕተት እኔም ሠርቼዋለሁና አልፈርድብዎትም።

ውድ አንባቢ፣ ልጅዎ የሞከረው ፒክስል አርት ይባላል። ሥዕሉ የሚሠራው ትንንሽ ካሬዎችን አንድ በአንድ ቀለም በመሙላት ነው። ነገሩ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ክር እየቆጠሩ ጥልፍ የጠለፉ ሁሉ ያውቁታል። ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ምልክቶችን የሳለችው ሱዛን ኬር እንኳ መጀመሪያ የገዛችው ስኩዌር ደብተር ነበር። የነበራት ቦታ 32 በ32፣ በጠቅላላው 1,024 ካሬ፣ ቀለሙም ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ከዚያች ጠባብ ቦታ ፈገግ ያለ ኮምፒዩተር፣ የእጅ ሰዓትና ፈንጂ አወጣች።

ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሰፊው ነው። 200 በ200 ቢከፍት 40,000 ካሬ ይጠብቀዋል፤ ማን ይጨርሰዋል? በ16 በ16 ይጀምር። 256 ካሬ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷ ቦታዋን ማግኘት አለባት። ብሩሹን ትቶ እርሳሱን ይጠቀም፤ ብሩሽ ጠርዙን በደብዛዛ ቀለም ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ድመቷ እንመለስ። ልጁ ሥዕሉን በሙሉ በአንድ ጥቁር ቀለም ይሙላው። ጥቁሩን ብቻ አይተው ድመት መሆኗን ካላወቁ፣ ዓይንና ጺም መጨመር አያድናትም። የእኛዋ ድመት ጆሮዎቿ ከጭንቅላቷ ክብ ውስጥ ተቀብረዋል፣ ጅራቷም ከጎኗ ተጣብቋል፤ ድንች ያደረጋት ይኸው ነው። በጠባብ ቦታ ሁሉንም መሳል አይቻልምና የሚለየውን መርጦ ማጋነን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ዶንኪ ኮንግ ጨዋታ ውስጥ ማሪዮ ኮፍያና ሪዝ ያገኘው እንዲያምርበት ታስቦ አይደለም። በእነዚያ ጥቂት ካሬዎች ፀጉርና አፍ መሳል አስቸግሮ ነው። ሪዙ አፉን ከመሳል አዳነ፣ ትልቁንም አፍንጫ ለይቶ አሳየ።

ቀጥሎ የጀርባዋን መስመር ይቁጠሩ፤ አዎን፣ በጣትዎ ይቁጠሩ። ካሬዎቹ 4፣ 3፣ 2፣ 1 እያሉ ከወረዱ ጀርባዋ ይለሰልሳል። 4፣ 1፣ 3፣ 1 ከሆኑ ግን የተሰበረ ደረጃ ይመስላል።

ጥላ ላይ ደግሞ ጀማሪዎች ሁሉ የሚወድቁባት አንዲት ጉድጓድ አለች። ዙሪያውን በሙሉ ያጠቁሩና መሐሉን ያበራሉ፤ ድመቷም እንደ ትራስ ትነፋለች። «ፀሐይዋ በየት በኩል ናት?» ብለው ይጠይቁት። ከላይ በግራ ከሆነች፣ ከታች በቀኝ ያለው ብቻ ይጨልማል። ለዚህ ሁሉ አራት ቀለም ይበቃል። ጥላውም ቡናማ ላይ ጥቁር ከመጨመር ወደ ወይን ጠጅ ቢያዘነብል ሕይወት ያገኛል።

ሲያስቀምጠው በፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፔግ ካሬዎቹን ያቆሽሻቸዋል። ለአያቱ ለማሳየት ሲያሳድገውም ልክ 4 ወይም 8 እጥፍ ያድርገው፤ በ3 ተኩል ቢያሳድገው ካሬዎቹ እኩል አይሆኑም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ስለ ድንቹ ይቅርታ ይጠይቁትና ሥዕሉን እንደገና እንዲከፍትልዎ ይለምኑት። አጠገቡ ወንበር ስበው ይቀመጡ። መጀመሪያ ጆሮዎቿን ሁለት ሁለት ካሬ ወደ ላይ ያውጣቸው።