ተቹ የሞተ ስልክ በማውስ ይከፈታል

ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ስልክ የሚያመጡልኝ ሰዎች «ተቹ ሞቷል፤ የልጆቼ ፎቶ ጠፋ ማለት ነው?» ይሉኛል። አልጠፋም! ስክሪኑ ተሰንጥቆ ጣት አልቀበል ቢልም፣ ምስል እስካሳየ ድረስ ተስፋ አለው። እባካችሁ ፎርማት አታስደርጉት።

የኮምፒውተር ማውስ በኦቲጂ ገመድ (ማውስን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው ገመድ) ቻርጀር መሰኪያው ላይ ሰኩ። አብዛኛው አንድሮይድ ወዲያው ቀስት ያወጣል። ተጭናችሁ ወደ ላይ ጎትቱ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አስገቡ፤ ፓተርን ከሆነ ሳትለቁ እየጎተታችሁ ሳሉ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ሚሞሪ ካርድ ገልብጡ።

ማውሱ የሚሠራው በስልኩ ባትሪ ነው፤ ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ። ኦቲጂ ስትገዙ መሰኪያችሁ ታይፕ ሲ ይሁን ማይክሮ አረጋግጡ። ብሉቱዝ ማውስ ለዚህ አይመችም፤ መጀመሪያ ለማገናኘት ራሱ ተች ይፈልጋል።

ቀስቱ እምቢ ካላችሁ የስልኩን ሞዴል ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።