በሶላት ውስጥ እርጋታ፤ ከአሰጋገድ ሥርዓት አንዱ ምዕራፍ

ሶላት ከአምስቱ የእስልምና ማዕዘናት ሁለተኛው ሲሆን፣ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰና አእምሮው ጤነኛ የሆነ ሙስሊም ሁሉ በሱብሒ፣ በዙህር፣ በዐስር፣ በመግሪብና በዒሻ ወቅቶች የሚፈጽመው ግዴታ ነው። የአምስቱ ወቅቶች ግዴታ ሶላት በአዘቦት ቀን በድምሩ 17 ረከዓ ይይዛል፤ ረከዓ የሚባለውም ቆሞ ቁርኣን ከመቅራት ጀምሮ በሩኩዕ፣ ማለትም በማጎንበስ፣ አልፎ ግንባርን መሬት በሚያስነኩት ሁለት ሱጁዶች የሚፈጸመው ዙር ነው። ሰጋጁ ውዱእ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ይኸውም ወደ ካዕባ አቅጣጫ መልሶ፣ ነይቶና «አላሁ አክበር» ብሎ ሶላቱን ከገባበት ቅጽበት አንስቶ በቀኝና በግራ አሰላምቶ እስኪወጣ ድረስ ምን እንደሚልና ምን እንደሚያደርግ የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ መጻሕፍት በዝርዝር ይደነግጋሉ። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ብዙ ሰጋጅ አቅልሎ የሚያየው፣ ሊቃውንቱ ግን ከሶላቱ ትክክለኛነት ጋር ያያዙት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ሰውነት በየአቋሙ የሚያርፍበት እርጋታ፣ በዐረብኛ ጡመእኒና የሚባለው ነው።

የዚህ ድንጋጌ ዋና መሠረት አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የመዘገቡት፣ በሊቃውንት ዘንድም «ሶላቱን ያበላሸው ሰው ሐዲስ» በሚል የሚታወቀው ዘገባ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና መስጂድ ሳሉ አንድ ሰው ገብቶ ይሰግድና መጥቶ ሰላምታ ያቀርባል፤ እርሳቸውም ሰላምታውን ከመለሱ በኋላ እንዳልሰገደ ነግረው ዳግመኛ እንዲሰግድ ይመልሱታል። ይህ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ሰውየው ከዚህ የተሻለ እንደማያውቅ ምሎ እንዲያስተምሩት ይለምናል፤ እርሳቸውም ተክቢራ አድርጎ፣ ማለትም «አላሁ አክበር» ብሎ፣ ከቁርኣን የገራለትን እንዲቀራ፣ በሩኩዕ እስኪረጋ፣ ከሩኩዕ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስኪቆም፣ በሱጁድና በሁለቱ ሱጁዶች መካከል በሚቀመጥበት ጊዜም እስኪረጋ እንዲቆይ፣ በቀረው ሶላቱም ሁሉ እንዲሁ እንዲያደርግ ያስተምሩታል። ስሕተቱ ወዲያው ያልተነገረው የመማር ጉጉት እንዲያድርበት ነው ያሉ የሐዲስ አብራሪዎች አሉ። ለሕግ ሊቃውንት ግን ከሁሉ የከበደው ቃል ሰውየው «አልሰገድክም» መባሉ ነው።

ከዚህ በመነሣት በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀብ፣ ማለትም የፊቅህ ፈለግ፣ እርጋታ ሩክን ወይም ምሰሶ ነው፤ በማሊኪዎች ዘንድም ሚዛን የሚደፋው አስተያየት ግዴታነቱ ነው። አቡ ሐኒፋና ተማሪያቸው ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ደግሞ እርጋታን ከሩክን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ዋጂብ ሲሉት፣ ሌላው ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ፈርድ፣ ማለትም ያለ እርሱ ሶላት የማይሆን ግዴታ፣ ነው በማለት ከሦስቱ መዝሀቦች ጋር ተስማምተዋል። በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የሶላትን ምሰሶዎች 13 ሲያደርጉ፣ የሻፊዒ ፊቅህ ጀማሪዎች የሚማሩበት «ሰፊነቱን ነጃ» 17 ያደርሳቸዋል፤ ልዩነቱ የመጣው ሁለተኛው በሩኩዕ፣ ከሩኩዕ በኋላ ባለው ቁመት፣ በሱጁድና በሱጁዶቹ መካከል ባለው መቀመጥ የሚደረገውን እርጋታ ለየብቻው ስለቆጠረ ብቻ ነው። የእርጋታው ዝቅተኛ መጠን ከባድ አይደለም፤ አጥንት ሁሉ በቦታው እስኪያርፍ፣ መውረዱ ከመነሣቱ ተለይቶ እስኪታወቅ፣ ይኸውም አንድ ጊዜ «ሱብሓነላህ» ለማለት የሚበቃ ቆይታ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር መዘለሉ ከአለመቻል የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በተግባር ሲታይ፣ በሩኩዕ መዳፎች ጉልበትን ይይዛሉ፤ ጀርባ ይዘረጋል፤ ራስም ከጀርባ ጋር ይስተካከላል እንጂ አይደፋም፣ ቀናም አይልም። ጥድፊያው በብዛት የሚታየው ግን ከሩኩዕ ሲነሡ፣ ኢዕቲዳል በሚባለው ቁመት ነው፤ ጀርባው ገና ሳይቃና ወደ ሱጁድ የሚወርደው ሰጋጅ አንድ ሙሉ ምሰሶ ዘልሏል። ኢብኑ ዐባስ ባስተላለፉት ሐዲስ መሠረት ሱጁድ በሰባት የሰውነት ክፍሎች ይደረጋል፤ እነርሱም ነቢዩ አፍንጫቸውን ጭምር ያመለከቱበት ግንባር፣ ሁለቱ እጆች፣ ሁለቱ ጉልበቶችና የሁለቱ እግሮች ጣቶች ናቸው። ስለዚህ ጣቶቹን ከመሬት አንሥቶ የሚሰግድ ሰው ሱጁዱ ጎደሎ ነው። ወንድ ሰጋጅ ክንዶቹን ከጎኑ ያርቃል፤ ማንኛውም ሰጋጅ ክንዱን እንደ ውሻ መሬት ላይ እንዳያነጥፍ፣ ቁራ ጥሬ እንደሚለቅም ግንባሩን አስነክቶ ብድግ እንዳይል በሐዲስ ተከልክሏል።

በአንጻሩ በየመስጂዱ ብዙ ክርክር የሚነሣባቸው ጉዳዮች ሊቃውንቱ ራሳቸው ሰፊ ቦታ የሰጧቸው ናቸው። ሻፊዒዎች በቁመት ጊዜ እጃቸውን ከደረት በታች ከእምብርት በላይ ያስቀምጣሉ፤ ሐነፊዎች ከእምብርት በታች ያደርጋሉ፤ በማሊኪዎች ዘንድ የታወቀው ደግሞ እጅን ወደ ታች መልቀቅ ነው። በሱብሒ ሶላት ቁኑት የሚባለውን ዱዓ ማድረግ ለሻፊዒዎች ሱና ሲሆን፣ ሐነፊዎች አያደርጉትም። የሻፊዒ መዝሀብ በስፋት በሚሠራባት፣ የሐነፊና የማሊኪ ተከታዮችም በሚገኙባት ኢትዮጵያ እነዚህ ልዩነቶች በአንድ ሶፍ፣ ማለትም በአንድ የሰጋጆች ረድፍ፣ ጎን ለጎን ሊታዩ ይችላሉ። አንዱም ቢሆን የሶላቱን መኖርና አለመኖር አይወስንም፤ እርጋታ ግን ሩክን ወይም ፈርድ ባደረጉት ሊቃውንት ዘንድ ይወስናል። ስለ እጅ አቀማመጥ ሲሟገቱ አምሽተው ሱጁዳቸውን የሚያጣድፉ ሰዎች መኖራቸው የሚያስገርመው ለዚህ ነው።

በጀመዓ፣ ማለትም በኅብረት፣ ሲሰገድ ደግሞ እርጋታው ኢማሙን መከተልን ይጨምራል። ተከታዩ፣ በፊቅህ አጠራር መእሙሙ፣ ከኢማሙ ቀድሞ ራሱን ቢያነሣ አላህ ራሱን ወደ አህያ ራስ እንዳይለውጥበት ሊፈራ እንደሚገባ በጠንካራ ቃል የተነገረ ሐዲስ አለ፤ አል በራእ ኢብኑ ዓዚብም ነቢዩ ግንባራቸውን መሬት ላይ እስኪያሳርፉ ድረስ ከሶሓቦች፣ ማለትም ከባልደረቦቻቸው፣ አንድም ጀርባውን የሚያጎነብስ እንዳልነበረ አስተላልፈዋል። ኢቃማ፣ ማለትም ሶላቱ ሊጀመር መሆኑን የሚያውጀውን ጥሪ፣ የሰማ ሰው እንኳ እንዳይሮጥ፣ በእርጋታ ተራምዶ ያገኘውን እንዲሰግድና ያለፈውን እንዲሞላ ታዟል። ዘግይቶ የመጣው፣ መስቡቅ የሚባለው፣ ረከዓዋን አገኘ የሚባለው ኢማሙን በሩኩዕ ላይ ሲደርስበት ነው፤ በሻፊዒ መዝሀብ ግን መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆሞ የመግቢያውን ተክቢራ መጨረስ፣ ከዚያም ኢማሙ ቀና ከማለቱ በፊት በሩኩዕ ውስጥ መርጋት አለበት። ረከዓዋ እንዳታመልጠው ብሎ እያጎነበሰ «አላሁ አክበር» የሚል ሰው ረከዓዋን ቀርቶ ወደ ሶላቱ መግባቱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

እርጋታ ማለት ማርዘም አለመሆኑን የሚያሳየው የሙዓዝ ኢብኑ ጀበል ታሪክ ነው። ሙዓዝ ሕዝባቸውን ዒሻ ሲያሰግዱ ከቁርኣን ረጅሙን ምዕራፍ፣ ሱረቱል በቀራን፣ ቀርተው አንድ ሰው ከጀመዓው ተለይቶ ብቻውን ሰገደ፤ ነቢዩም ጉዳዩ ሲደርሳቸው ሙዓዝን ገሥጸው አጫጭር ሱራዎችን እንዲቀሩ ነገሯቸው፤ ከኢማም ኋላ ደካማ፣ ሽማግሌና ጉዳይ ያለበት ሰው ይቆማልና። ኢማሙ ቂርኣቱን ሊያሳጥር ይችላል፤ ሩኩዑንና ሱጁዱን ግን አያጎድልም።

ንግግርንና ትርፍ እንቅስቃሴን በተመለከተ ሕጉ ቀስ በቀስ የመጣ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምስክር አለው። በ615 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ስደት የተመለሱት ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ፣ ቀድሞ ነቢዩ በሶላት ውስጥ እያሉ ሰላምታ ሲቀርብላቸው ይመልሱ እንደነበር፣ ከሐበሻው ንጉሥ ከነጃሺ አገር ሲመለሱ ግን ሰላም ቢሏቸው እንዳልመለሱላቸውና ሶላት ራሱ የሚያጠምድ ሥራ መሆኑን እንደነገሯቸው አስተላልፈዋል። እንቅስቃሴ ሁሉ ግን አልተከለከለም፤ ነቢዩ የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ታቅፈው ሰግደዋል፣ ሱጁድ ሲወርዱም ያስቀምጧት ነበር። ሻፊዒዎች ከሶላቱ ውጪ የሆነ ተከታታይ ሦስት እንቅስቃሴ ሶላትን እንደሚያበላሽ ሲወስኑ፣ በኪስ የጮኸን ስልክ በአንድ ንክኪ ማጥፋት ከዚህ በታች ይውላል፤ አውጥቶ የደዋዩን ስም ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

አቅም ለሌለው ሰው ግን ሥርዓቱ ይቀልላል፤ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለም በጎኑ ተኝቶ እንደሚሰግድ ነቢዩ ኪንታሮት ለነበረባቸው ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ነግረዋቸዋል፤ በምልክት የሚሰግድ ሰውም የሱጁዱን ምልክት ከሩኩዑ ዝቅ ያደርጋል። የሚከብደው ጥያቄ ሕጉን ባለማወቅ ለዓመታት አጣድፎ የሰገደ ጤነኛ ሰው ያለፉትን ሶላቶች መልሶ ይሰግዳል ወይ የሚለው ነው። ሩክን የጎደለው ሶላት አልተሰገደም በሚለው ጥብቅ መመዘኛ ቀዳእ፣ ማለትም ማካካሻ፣ ይጠየቃል። በ728 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ተይሚያ ግን ያ በመዲና መስጂድ ሦስት ጊዜ የተመለሰው ሰው የወቅቱን ሶላት እንጂ ያለፉትን ሶላቶቹን እንዲደግም አለመታዘዙን አስረጅ አድርገው፣ ያላወቀ ሰው ያለፈውን እንደማይመልስ ወስነዋል።