ሜክሲኮዎችም ዕቁብ ይጥላሉ

«ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ! አንድ ሰው፣ የሞላ!» የታክሲ ረዳቱ ከጠዋት እስከ ማታ ስሟን ይጠራታል። ከተሳፋሪው ውስጥ ግን ስለ አገሪቱ የሚያስብ ስንቱ ነው? አደባባዩ በስሟ የተጠራው በምክንያት ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ተቃውማለች፤ ወረራውንም አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። እነሱም ቢሆኑ አልረሱንም፤ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው።

እኔም ብሆን አገሪቱን የማውቃት በፊልም ነበር፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ ሽጉጥና ዕፅ ነጋዴ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለ ቁጠባ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ቃል ነው፤ «ታንዳ»።

ታንዳ ማለት በቃ ዕቁብ ነው። አሥር የሥራ ባልደረቦች ወይም ጎረቤቶች ይሰባሰባሉ፤ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ጠቅላላው በተራ ለአንድ ሰው ይሰጣል። የእኛ ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ በየዙሩ ሲወጣ፣ እነሱ ጋ ግን ተራው ብዙ ጊዜ ገና ሲጀመር ይታወቃል፤ ሁሉም ቁጥሩን ይዞ ይጠብቃል። ሰብሳቢዋ (አዎ፣ ብዙ ጊዜ ሴት ናት) ለድካሟ የመጀመሪያውን ቁጥር ትወስዳለች። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ያለ ወለድ አጠራቀመ። ታዲያ መጨረሻ መሆንን የሚመርጥ ሰው ለምን ይኖራል? መልሱ ቀላል ነው፤ ቤት የተቀመጠ ገንዘብ ይበላል፣ ለሰው ቃል የተገባ ገንዘብ ግን አይነካም። አንዱ ተራው ደርሶ ከበላ በኋላ ቢጠፋስ? ጉድለቱን የምትሞላው ሰብሳቢዋ ናት። ዋስ፣ ፊርማ፣ ፍርድ ቤት ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ የማታውቀውን ሰው አታስገባም።

ይሄ የመረዳዳት ነገር በድግስም አለ። ሴት ልጅ 15 ዓመት ሲሞላት «ኪንሴንዬራ» የሚባል ትልቅ ድግስ ይደገሳል፤ ቅዳሴ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ሙዚቃ፣ ጭፈራ። ወጪው ለአንድ ቤተሰብ ስለሚከብድ ለየዕቃው አበልጅ ይፈለጋል። የኬኩ አበልጅ አለ፣ የቀሚሱ አለ፣ የሙዚቃውም አለ። ክርስትና ያነሳ ሰው ከልጁ ወላጆች ጋር «ኮምፓድሬ» ይባባላል፤ ይሄኛውን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፣ አበልጅ ማለት ነው።

ማዕዱ ላይ የማይጠፋው ቶርቲያ ነው። በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ያድራል፣ ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በስሱ ይጋገራል። ኖራው ዝም ብሎ ልማድ እንዳይመስላችሁ፤ በቆሎው ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ሰውነት እንዲጠቀምበት ያደርጋል። ይህን ዘዴ ሳይማሩ በቆሎን ብቻ የበሉ የአውሮፓ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ አልቀዋል። ቶርቲያ በየሰፈሩ በኪሎ ይሸጣል፤ ዋጋው ሲነካ ደግሞ አገር ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ ሲወደድ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዋና ከተማዋ አደባባይ ወጥተዋል። እንጀራ ሲወደድ ምን እንደሚሰማን እናውቃለን።

ሠራተኛው ብዙ ሰዓት ይሠራል፤ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ማኅበራዊ ዋስትና የሌለው ነው። ጎዳና ላይ የሚሸጥ፣ ሰው ቤት የሚያጸዳ፣ «ቲያንጊስ» በሚባለው በየሳምንቱ መንገድ ዘግቶ በሚቆም ገበያ ድንኳን የሚተክል። በእርግጥ ዝቅተኛው የቀን ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ከነበረበት 88 ፔሶ በ2024 ወደ 249 ፔሶ አድጓል። ዋጋ ንረቱ ቢቀነስለትም ትልቅ ጭማሪ ነው። ግን ደመወዝተኛ ያልሆነውን በቀጥታ አይነካውም።

ልዩነቱ የሚታየው ታኅሣሥ ላይ ነው። ሕጉ ለተቀጣሪ ቢያንስ የ15 ቀን ደመወዝ የገና ጉርሻ ያዛል። ቅጥር የሌለው ማን ይስጠው? ለዚህ ነው ብዙ ታንዳ ታኅሣሥ ላይ እንዲያልቅ ተደርጎ የሚጀመረው፤ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች የያዘው ሰው ለራሱ ጉርሻ ከፈለ ማለት ነው።

ከዚያ ጥር ይመጣል። «የጥር አቀበት» ይሉታል። ድግሱ አልቋል፣ ዕዳው ቀርቷል፣ ዋጋውም ጨምሯል። ከእኛ መስከረም ጋር ወንድማማች ነው። ያን ሰሞን እ.ኤ.አ. በ1775 በተመሠረተውና ዕቃ በመያዣነት ተቀብሎ በሚያበድረው «ሞንቴ ዴ ፒዬዳድ» በር ላይ ሰልፉ ይረዝማል፤ አንዷ የጆሮ ወርቋን፣ ሌላው ሰዓቱን ይዞ። በገንዘቡም አንዳንዱ የአዲሱን ዓመት ታንዳ የመጀመሪያ መዋጮ ይከፍልበታል።