ስለ መኪና ጢስ መውጫ ቧንቧ አሠራር

በመኪና ሞተር ውስጥ ቤንዚን ሲነድ ብዙ ጢስ ይወጣል። በዚያም ጢስ መካከል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለ፤ መልክ የለውም፥ ሽታም የለውም፥ ነገር ግን ሰውን ይገድላል። ስለዚህ ጢሱ ከተሳፋሪዎች ርቆ በስተኋላ እንዲወጣ ረዥም የብረት ቧንቧ ይደረግለታል። ሰዎች ከነድምፅ ማፈኛው ማርሚታ ይሉታል።

ለመኪናው የሚስማማ ቧንቧ በገበያ ያልተገኘ እንደ ሆነ ሠራተኛው ራሱ ይሠራዋል። አስቀድሞ ከመኪናው በታች ገብቶ ሽቦ በመንገዱ ልክ ያጥፋል፤ ሽቦውም ለቧንቧው ምሳሌ ይሆነዋል።

ባዶ ቧንቧ በችኰላ ቢታጠፍ የውጭው ወገን ተስቦ ይሳሳል፥ የውስጡም ወገን ይጨማደዳል፥ መካከሉም ይጨፈለቃል፤ ጢሱም መተላለፊያ ይጠብበዋል። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ቧንቧውን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆ ይሞላና ሁለቱን አፍ በእንጨት ውታፍ ይደፍናል። ከዚያም በእሳት አግሎ፥ ሲቀላ ቀስ እያለ ያጥፈዋል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ግን ውሃው እንፋሎት ሆኖ ውታፉን በኃይል ይወረውረዋል፥ ሰውንም ይጎዳል። በዛሬ ጊዜ ግን በአሸዋው ፈንታ ቧንቧውን ከውስጥ ደግፎ የሚያጥፍ መሣሪያ አለ።

ከዚህ በኋላ ቁራጮቹ ይበየዳሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ፉሼና ፒካር የተባሉ ሰዎች አሴቲሊንንና ኦክሲጅንን ቀላቅሎ የሚያነድ መበየጃ ሠሩ። ነበልባሉ ከ3000 ዲግሪ ይበልጣል፤ ብረትም በ1500 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ስለዚህ በያጁ ለዓይኑ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ቧንቧው ዚንክ የተለበጠ እንደ ሆነ ደግሞ ጢሱ ያሳምማልና ልባጡን አስቀድሞ ይፍቃል።

የብየዳው ላይኛ ወገን ወደ መኪናው ሆድ ስለሚዞር ለባለ መኪናው አይታይም። ሰነፍ ሠራተኛ የሚታየውን አሳምሮ የማይታየውን ይተወዋል። ነገር ግን በዚያ ቀዳዳ ቢቀር መርዙ በወለሉ ስንጥቅ ሊገባ ይችላል፤ ተሳፋሪዎችም ራሳቸውን ያማቸዋል፥ ይደክማቸዋል፥ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ሆነው ሊሞቱ ይችላሉ። ትጉህ ሠራተኛ ግን የቧንቧውን አንድ አፍ ደፍኖ በሌላው አየር እየነፋ በብየዳው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ ከተነሣ ቀዳዳ አለና እንደ ገና ይበይደዋል።

ልጆች ሆይ፥ ባለ መኪናው አጎንብሶ ብየዳውን አይመረምርም፤ ነፍሱን ግን ለሠራተኛው አምኖ ሰጥቶታል። እንግዲህ ሰው በማይታይበት ስፍራ የሠራው ሥራ የታማኝነቱ ምስክር ነው።