በአርም ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋል ማሽን አልነሣ ሲል ምክንያቱን ስለ መመርመር

በየወረዳው ካሉት የእርሻ ጽሕፈት ቤቶች ብዙዎቹ የዝናሙን ልክ፣ የከብቱን ቍጥርና የግጦሹን ሁኔታ የሚመዘግቡት በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩም ሲያረጅ በአዲስ ይለወጣል። አዲሱ ላፕቶፕ ግን አንዳንድ ጊዜ አርም የሚባለው ፕሮሰሰር ያለበት ስለሚሆን፣ በአሮጌው ላይ ይሠራ የነበረው ቨርቹዋል ማሽን በአዲሱ ላይ አልፈጠር ወይም አልነሣ ይላል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ላፕቶፑ ተበላሽቷል ብሎ ያመለክታል፤ ሹሙም ወይ ሻጩን ይከሳል፤ ወይ ሠራተኛውን ይወቅሳል። ብዙውን ጊዜ ግን የተበላሸም የበደለም የለም። ይህ ጽሑፍ የነገሩን ምክንያት ገልጦ፣ ሹማምንት በዚህ ጕዳይ ምን ማዘዝና ምን መከልከል እንደሚገባቸው ለማስረዳት ተዘጋጅቷል።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ፣ በቦረና በዱብሉቅ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው እንበል። ዱብሉቅ ከያቤሎ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ፣ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ቆላ አገር ነው። ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ይኸውም ጋና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሐገያ የሚባለው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ስለ ተጓደሉ ከብቱ አለቀ፤ ከቀዬው የተፈናቀለው ብዙ ሕዝብም በዱብሉቅ መጠለያ ተቀመጠ። እንዲህ ባለ አገር ያለፉት ዓመታት የዝናም መዝገብ በጊዜው ተከፍቶ መነበቡ ወይም አለመነበቡ ቀላል ነገር አይደለም። በቆሎና ቦሎቄ ይዘራ ወይስ አይዘራ፣ ዘር ይታዘዝ ወይስ ገንዘቡ ለመኖ ይዋል የሚለው ምክር በዚያ መዝገብ ላይ የሚቆም ነውና።

ጽሕፈት ቤቱ የአዝርዕትን የውሃ ፍላጎት የሚያሰላው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባዘጋጀው ክሮፕዋት 8.0 በሚባለው ፕሮግራም ነው እንበል። ይህ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ጥበቃ በጥር 2020 ስላቆመ፣ ጠንቃቃ የሆነ ሠራተኛ አሮጌውን ዊንዶውስ ከነፕሮግራሙና ከነመዝገቡ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አኑሮ፣ ከኢንተርኔት ለይቶ ሲሠራበት ቆይቷል። አሁን አዲሱ ላፕቶፕ መጣ፤ ፋይሉ ተገለበጠ፤ ማሽኑ ግን አልነሣም።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ያለ አስመስሎ የሚያሠራ ሥርዐት ነው። በውስጡ ያለው እንግዳ ዊንዶውስ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ራምና የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ይመስለዋል፤ ዲስኩ ግን በእውነቱ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል። የሃይፐርቫይዘርን ሥራ ለቦረና ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች ስሙ የታወቀ በዱብሉቅ አለ። በዚያ ሰዎች ከታች እስከ ላይ በመሰላል አምሳል ቆመው፣ በዜማ እየተቀባበሉ ውሃውን ያወጣሉ፤ የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን መንጋ በማግሥቱ እንደሚጠጣ የሚያዘው ግን አባ ሄሬጋ ነው። መንጋዎቹ ብዙ ቢሆኑም የሚጠጡት ከአንድ ኤላ ነው። አባ ሄሬጋ ተራውን ይደለድላል እንጂ የውሃውን ጠባይ አይለውጥም። ሃይፐርቫይዘርም እንዲሁ የፕሮሰሰሩን ጊዜ ለባለቤቱና ለእንግዳው በተራ ያካፍላል፤ ፕሮሰሰሩን ግን ሌላ ፕሮሰሰር አያደርገውም።

ይህ አዲስ ሕግ አይደለም። ቨርቹዋል ማሽንን በ1960ዎቹ ዓመታት በማሳቹሴትስ ባለው በካምብሪጅ ከተማ ያሠሩት የአይ-ቢ-ኤም ባለሙያዎች ናቸው። በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የእውነተኛ ቨርቹዋል ማሽን ምልክት ምን እንደ ሆነ ሲወስኑ፣ የእንግዳው ትእዛዞች አብዛኛዎቹ ያለ አማላጅ በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ላይ መፈጸም አለባቸው ብለዋል። ፍጥነቱም የሚገኘው ከዚህ ነው፤ የዛሬው ችግርም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ፕሮሰሰር ሁሉ አንድ ቋንቋ አይናገርምና። በጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ለረዥም ዘመን የኖረው ኢንቴል በ1978 ባወጣው በ8086 የተጀመረው፣ ኤክስ 86 የሚባለው ወገን ነው። አርም ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሌላው ካምብሪጅ፣ አኮርን በሚባል ኩባንያ፣ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሥራውን የጀመረው ሚያዝያ 26 ቀን 1985 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ብዙ ዘመን በስልክ ውስጥ ተወስኖ ኖረ። አፕል በኅዳር 2020 ኤም 1 የተባለውን ባወጣ ጊዜ፣ ኳልኮምም ከ2024 ወዲህ ስናፕድራጎን ኤክስን ለዊንዶውስ ላፕቶፖች ባቀረበ ጊዜ፣ አርም ወደ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ደረሰ። ኃይል ቈጣቢ ስለ ሆነና ባትሪው ረዥም ሰዓት ስለሚቆይ መብራት በሚቋረጥበት አገር ቢመረጥ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የባቢሎንን ግንብ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ቋንቋቸው በተለያየ ጊዜ ጡብ ሲባል ጭቃ እንዳቀበሉ፣ ለኤክስ 86 የተጻፈውን ትእዛዝ አርም አይሰማውም።

እንግዲህ ምርመራው ከዚህ ይጀምራል። አስቀድሞ ላፕቶፑ የትኛው ወገን እንደ ሆነ ይታወቅ። በዊንዶውስ ከሆነ በሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎ አባውት በሚለው ገጽ የሲስተሙ ዓይነት አርም መሆኑ ተጽፎ ይገኛል፤ በአፕል ከሆነ ስለዚህ ማክ በሚለው ገጽ ኤም ብሎ ቍጥር የሚያስከትል ስም ካለ አርም ነው። ከዚያ በኋላ የመጫኛው ፋይል ስም ይነበብ። አርም 64 ወይም ኤ-አርች 64 የሚል ከሆነ ለላፕቶፑ ይስማማል፤ ኤክስ 86፣ ኤክስ 64 ወይም ኤ-ኤም-ዲ 64 የሚል ከሆነ አይስማማም። ይህ የመጨረሻው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ኤ-ኤም-ዲ 64 ማለት ኤ-ኤም-ዲ ለሚባለው ኩባንያ ላፕቶፕ ብቻ የተሠራ ማለት ሳይሆን፣ ኢንቴልንም የሚጨምር የ64 ቢት የኤክስ 86 ወገን ሁሉ መጠሪያ ነው።

ወገኑ ሳይገጥም ሲቀር የሚታየው ምልክት እንደ ሃይፐርቫይዘሩ ይለያያል። ቪኤምዌር ፊውዥን ማሽኑ ኤክስ 86 የሚጠይቅ መሆኑን፣ ባለቤቱም ላፕቶፕ አርም መሆኑን ገልጦ አይነሣም ይላል፤ ይህ ከሁሉ ግልጥ ነው። የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ በአርም ላይ የሚቀበለው ጄኔሬሽን 2 የሚባለውን የአርም እንግዳ ብቻ ነው፤ ደግሞም በዊንዶውስ ሆም እትም ውስጥ ስለማይገኝ፣ ፕሮ የሚባለውን ወይም ከዚያ ከፍ ያለውን እትም ይፈልጋል። ቨርቹዋልቦክስ በአፕል አርም ላይ በሙሉ የተፈቀደው በመስከረም 2024 በወጣው በ7.1፣ በዊንዶውስ አርም ላይ ደግሞ በነሐሴ 2025 በወጣው በ7.2 ስለ ሆነ፣ ከዚያ የቆየ እትም ያለው ሠራተኛ አስቀድሞ እትሙን ይለውጥ። በአዲሱም ቢሆን የሚነሣው የአርም እንግዳ ነው። ሌሎች ደግሞ ጥቁር ገጽ ብቻ አሳይተው፣ የሚነሣ ነገር አላገኘሁም የሚል ቃል ጽፈው ይቆማሉ፤ ሠራተኛውን በከንቱ ቀን የሚያስውለው ይህ ዝምታ ነው።

ወገኑ ገጥሞ ሳለ አልነሣ ካለ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። መረቡ ደካማ በሆነበት አገር ብዙ ጊጋ ባይት ያለው ፋይል ሲወርድ ተቋርጦ ጐዶሎ ሊቀር ይችላል። አውጪው ድርጅት ሻ-256 የሚባለውን የመፈተሻ ቍጥር ካተመ፣ የወረደው ፋይል ቍጥር ከዚያ ጋር ይመሳከር፤ አንዲት ፊደል ብትለይ ፋይሉ እንደገና ይውረድ። የራሙም ድልድል ይታይ። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ባይት ራም ቢኖረውና ሠራተኛው ለእንግዳው 7 ቢሰጥ፣ ባለቤቱ ራሱ ይታነቃል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት የዲስክ ቦታና ቲ-ፒ-ኤም 2.0 የሚባለውን የጥበቃ ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል መጫኑን እንቢ ይላል።

መፍትሔው ምንድን ነው ቢባል፣ አስተርጓሚ ማቆም ነው። ነገር ግን አስተርጓሚው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አንደኛው መንገድ ማሽኑን በሙሉ ማስተርጐም ነው። ፋብሪስ ቤላር በ2003 የጀመረው ኬሙ የሚባለው ፕሮግራም፣ በእርሱም ላይ የተሠራው ዩ-ቲ-ኤም ይህን ያደርጋሉ። በዩ-ቲ-ኤም ማሽን ሲፈጠር ቨርቹዋላይዝና ኢሙሌት የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይቀርባሉ፤ የመጀመሪያው ተራ ማካፈል ነው፤ ሁለተኛው ማስተርጐም ነው። አሮጌው የኤክስ 86 ዊንዶውስ ሊነሣ የሚችለው በሁለተኛው ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ትእዛዝ ስለሚተረጐም በጣም ይዘገያል፤ ለዕለት ሥራ የሚሆን አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ይሻላል። ይኸውም ለአርም የተዘጋጀውን ዊንዶውስ 11 ጭኖ፣ አንዱን አሮጌ ፕሮግራም ብቻ በውስጡ ማስተርጐም ነው። ዊንዶውስ 11 ለአርም የራሱ አስተርጓሚ ስላለው፣ ለኤክስ 86 የተጻፉትን የ32ና የ64 ቢት ፕሮግራሞች ይቀበላል። ጠቅላላ ግምጃ ቤቱን ከመተርጐም አንዲቱን ደብዳቤ መተርጐም እንደሚቀል፣ ይህም ፈጣን ነው። ላፕቶፑ ራሱ የዊንዶውስ አርም ከሆነ ቨርቹዋል ማሽን ላያስፈልግ ይችላል፤ ፕሮግራሙ በቀጥታ ይጫንና ይሞከር። ላፕቶፑ አፕል ከሆነ ዊንዶውስ 11 አርም በሃይፐርቫይዘር ውስጥ ይጫናል። ማይክሮሶፍት በ2023 ፓራለልስን ለዚህ ፈቅዷል፤ ቪኤምዌር ፊውዥንም ከኅዳር 2024 ወዲህ ያለ ክፍያ ይሰጣል። የዊንዶውሱ ፈቃድ ግን ለብቻው የሚገዛ ነው። ማይክሮሶፍት የአርሙን የመጫኛ ፋይል ለማንኛውም ሰው ክፍት ያደረገው በኅዳር 2024 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ከየትም ተለቅሞ የተቀመጠ ፋይል ካለ ይጣል። አንድ ነገር ብቻ አይዘንጋ፤ ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር የሚባሉትን የመሣሪያ አገናኞች አይተረጕምም። ስለዚህ አሮጌ ማተሚያ ወይም በሽቦ የሚያያዝ የአየር ጠባይ መለኪያ ያለው ጽሕፈት ቤት ለአርም የተዘጋጀ ድራይቨር መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጕዳይ የመዝገቡ ነው። አሮጌው ማሽን በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ አልነሣ ስላለ በውስጡ ያለው የዓመታት የዝናምና የከብት ቍጥር ጠፋ ማለት አይደለም። የዲስኩ ፋይል ጤነኛ ነው፤ ያጣው የሚያነበውን ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ ማንም ሠራተኛ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ፋይሉን እንዳይሰርዝ፣ አሮጌውም ላፕቶፕ ንብረት ክፍል ገብቶ እንዳይጠረግ ሹሙ በጽሑፍ ይከልክል። አሮጌው ላፕቶፕ ቢነሣ፣ ማሽኑን በእርሱ ላይ ከፍቶ መዝገቡን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ከሁሉ የቀለለ ነው። አሮጌው ጨርሶ ከሞተ፣ ያን ቀርፋፋ የኢሙሌት መንገድ ለአንድ ቀን ብቻ ታግሦ መዝገቡን ማውጣት ይቻላል። ማሽኑ ከአሮጌው ሲዛወር ተኝቶ ሳይሆን ፈጽሞ ተዘግቶ መሆን አለበት፤ በእንቅልፍ ላይ ሳለ የተገለበጠ ማሽን የአሮጌውን ፕሮሰሰር ሁኔታ ይዞ ስለሚሄድ በሌላ ወገን ላይ አይነቃም።

ላፕቶፑን ለጥገና ብሎ ወደ አዲስ አበባ መላክ ከዚህ በላይ የተነገረው ሳይፈተሽ አይገባም፤ የመኪና ኪራይና የሠራተኛ አበል አውጥቶ የሚመለሰው መልስ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው የሚል ይሆናልና። ይልቅስ ግዢ ሲታዘዝ፣ በጽሕፈት ቤቱ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ስም፣ የሚያያዙት መሣሪያዎችና የሚፈለገው የፕሮሰሰር ወገን በማዘዣው ደብዳቤ ላይ ተለይቶ ይጻፍ። ፕሮግራሞቹ ሁሉ የቆዩ የኤክስ 86 ከሆኑና ሠራተኛውም አንድ ብቻ ከሆነ፣ የባትሪው ዕድሜ ቢያንስም የኤክስ 86 ላፕቶፕ ማዘዝ ይሻላል። አርሙ ከተገዛ ደግሞ ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት ፕሮግራሙ ተጭኖ፣ ያለፈው ዓመት የዝናም ቍጥር ገብቶ፣ በአሮጌው ላፕቶፕ የወጣው ውጤት በአዲሱም መውጣቱ ይታይ። በዱብሉቅና በመሰሎቹ ቆላ ወረዳዎች ይህ ፈተና የጋና ዝናም ከመግባቱ በፊት፣ ቢዘገይ በየካቲት አጋማሽ መጠናቀቅ አለበት።