ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የልብ ምት ለምን ይዛባል?

በአገራችን ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ሕመሞች ዋነኛው፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጌዶ የተላከ ታማሚ ቀዶ ሕክምናውን ፍለጋ አዲስ አበባ ይገባል። ልጅ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል ወረፋ ነው።

ተራው ደርሶ ቀዶ ሕክምናው ተሳካ እንበል። ታማሚው ነቅቶ ሾርባ ቀምሷል፤ ቤተሰቡም «ተመስገን» ብሏል። ምቱ የሚዛባው ብዙውን ጊዜ ይኼኔ ነው፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን። በዓለም አቀፍ ጥናቶች ከ100 ታማሚዎች ከ20 እስከ 40 የሚሆኑትን ይገጥማል፤ ቫልቭ የተሠራላቸውን ደግሞ ይበልጥ። ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በወጉ መኮማተር ትተው ይርገበገባሉ። የእጅ አንጓ ሲዳሰስ ምቱ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል፤ ምንም ሥርዓት አይገኝለትም። ቀዶ ሕክምናው ልቡን አስቆጥቶታል፤ በደም ውስጥ ያለው ፖታሺየም ወይም ማግኒዚየም ቀንሶም ይሆናል። አብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። ቫልቩ ጠቦ ልቡ ለዓመታት የተለጠጠበት ሰው ግን ችግሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ስለሚኖርበት አብሮት ሊዘልቅ ይችላል።

ምቱ ከልክ በላይ የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። የልብን የኤሌክትሪክ መልእክት የሚያስተላልፈው ሥር ከቫልቮቹ አጠገብ ስለሚያልፍ ስፌት ወይም እብጠት ሊጫነው ይችላል። ከታማሚው ደረት በታች ወጥተው የሚታዩት፣ አስታማሚን የሚያስደነግጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ለዚሁ የተቀመጡ ናቸው፤ ውጭ ካለ ትንሽ ማሽን ጋር ተያይዘው ልቡን ያስመታሉ። ልቡ ሲያገግም ይነቀላሉ። ሳምንት አልፎም ካላገገመ ልብን የሚያስመታ ቋሚ መሣሪያ (ፔስሜከር) ይገባለታል።

ምታቸው የተዛባ ታማሚዎች ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ትልቁ ሥጋት የደም መርጋት ነው፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ ለብዙዎች ዋርፋሪን የተባለው ደም አቅጣኝ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል፤ የደሙም ቅጥነት አይ ኤን አር በሚባል ምርመራ ይለካል። በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። ጎመን አይበላ ማለት ግን አይደለም፤ የሚፈለገው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው።

ራስ የሚያስት የልብ ድለቃ፣ የአፍ መጣመም ወይም የእጅ መዛል ከመጣ የአዲስ አበባው ቀጠሮ አይጠበቅም። የሚኬደው ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል፣ ለምሳሌ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ነው፤ የመድኃኒቱን ወረቀት ይዞ። ወረቀቱ ፋርማሲም ሲኬድ መታየት አለበት፤ ለወገብ ሕመም በቀላሉ የሚገዛው ዲክሎፌናክ ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ደም ያፈስሳልና።