ያለ ሸክም ወደ እንጦጦ

«ሸክም የለ፣ ገበያ የለ፣ ለቅሶ የለ። ታዲያ ለምንድን ነው የምንሄደው?»

ይህን የጠየቁን አንድ ገበሬ አባት ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ፣ በ58 ዓመታቸው ነው። የታመመ ወንድማቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ወደ አገራቸው ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ «አባባ፣ እንጦጦ ተራራ እንውጣ» አልናቸው። ነገሩ አልገባቸውም። እውነታቸውን ነው። የገጠር ሰው በእግሩ የሚሄደው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ገበያ ይሄዳል። ለማየት ብቻ ብሎ ዳገት የሚወጣ ማን አለ?

እኛም «የዛሬው ጉዳያችን ማየት ነው። ካልወደዱት እንመለሳለን» አልናቸው።

አባባ አዲስ አበባ ሲመጡ ይህ አራተኛቸው ነው። ነገር ግን ከአውቶቡስ መናኸሪያውና ከወንድማቸው ቤት ሌላ የሚያውቁት ቦታ የለም። «እጠፋለሁ ብዬ ነው። ሰሌዳው ሁሉ ለእኔ ጭረት ነበር» አሉን።

በታክሲ ጀመርን

ጉዟችንን ከአራት ኪሎ ጀመርን። የታክሲው ረዳት «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» እያለ ይጣራል። ገባን። ሒሳብ ከፈልን። አባባ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው የሱቁን ሰሌዳ ሁሉ ማንበብ ጀመሩ። ታክሲው ሲሮጥ ግማሹ ያመልጣቸዋል።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ «የካቲት 12» የሚል ጽሑፍ አነበቡ። «ይህ ቀን ምንድን ነው?» አሉ። ነገርናቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወራሪዎች በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው መፍጀት የጀመሩበት ቀን ነው። በስድስት ኪሎ አደባባይ ለሰማዕታቱ ሐውልት ቆሞላቸዋል። አባባ ቆባቸውን አወለቁ። ሐውልቱን እስኪያልፉ ድረስ አልተናገሩም።

ሽሮ ሜዳ ላይ ወረድን። ሽሮ ሜዳ የጥበብ ልብስ ገበያ ነው። ከዚያ «እንጦጦ ማርያም» የሚል ሌላ ታክሲ ያዝን። መንገዱ ዳገት ነው። ይጠማዘዛል። ታክሲው እያቃሰተ ወጣ። ላይ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ነው።

ዛፍ ያስቀረው ከተማ

ከአዲስ አበባ በፊት የአፄ ምኒልክ ከተማ እንጦጦ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ። ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ይህ በ1879 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት ግን በ1882 ዓ.ም. እዚሁ ተራራ ላይ በእንጦጦ ማርያም ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የምኒልክ የድሮ ቤተ መንግሥት ዛሬም አለ። አባባ አዩትና «የጭቃ ቤት ነው እኮ!» ብለው ተገረሙ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ከተማው ሲያድግ ሰው ሁሉ ለቤቱና ለምድጃው ዛፍ ቆረጠ። ጥዱ ተቆረጠ። ወይራው ተቆረጠ። የተካ ግን አልነበረም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንጨት ጠፋ። ምኒልክ ከተማውን ትተው ወደ ምዕራብ ለመሄድ አሰቡ። አዲስ ዓለም በተባለው ቦታም ቤተ መንግሥት አስጀመሩ።

ከተማው እንዳይነቀል ያደረገው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የአገራችን ዛፍ አይደለም። በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ቶሎ ያድጋል። ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በዚህ ምክንያት ከተማው ማገዶ አገኘ። አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች።

የውሃው ጣሪያ

ከማርያም ተነስተን የተራራውን ጀርባ ይዘን በእግር ሄድን። ስፖርተኞች እየሮጡ አለፉን። የአገራችን ሯጮች እንጦጦ ላይ ይለማመዳሉ። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር የለመደ ሰውነት ቆላ ሲወርድ ይበረታል።

በደቡብ በኩል ከተማው ከሥራችን ተዘርግቷል። ሰማዩ ሲጠራ ከከተማው ባሻገር የየረርና የዝቋላ ተራሮች ይታያሉ። በሰሜን በኩል ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ አለ።

እንጦጦ እንደ ቤት ጣሪያ ነው። የዝናቡ ውሃ በሁለት ወገን ይወርዳል። በደቡብ የወረደው ወደ አቃቂ ይገባል። ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በሰሜን የወረደው ግን በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር ይሄዳል። ሙገር ከዓባይ ይቀላቀላል። ዓባይ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። አንድ ተራራ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ዳግመኛ አይገናኙም።

አባባ ይህን ሲሰሙ ቆሙ። ከዚያም ባሕር ዛፉ ሥር ጎንበስ ብለው መሬቱን በእጃቸው ዳሰሱ። «ሣር የለም። ደርቋል» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ችግራቸውን አወሩን። በቀዬአቸው አንድ ምንጭ አለ። በዙሪያው የቆዩ ወይራዎች ቆመዋል። ልጃቸው «ወይራውን ቆርጠን ባሕር ዛፍ እንትከል፤ ቶሎ ደርሶ ይሸጣል» ይላቸዋል። እሳቸውም እሺ ሊሉት ነበር።

እኛ የምናውቀውን ነገርናቸው። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው። ማገዶና የቤት ማገር ነው። ነገር ግን ብዙ ውሃ ይጠጣል። ከሥሩ ሰብልና ሣር በደንብ አይበቅልም። ስለዚህ ምንጭ አጠገብና እርሻ ዳር አይተከልም። ራቅ ብሎ፣ ለእርሻ በማይሆን መሬት ላይ ይተከላል።

ሸክም ያላት እናት

ቁልቁል ስንመለስ አንዲት እናት አገኘን። የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማለች። ወገቧ ጎብጧል። ፊቷ መሬት መሬት ያያል። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክመው ሲወርዱ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. ተራራው ላይ ፓርክ ተከፍቷል። ከነሱ መካከል እዚያ ሥራ ያገኙ አሉ። ሁሉም ግን ሸክሙን አላወረዱም።

አባባ ከመንገዱ ወጥተው አሳለፏት።

«እግዜር ያበርታሽ፣ እናቴ» አሏት።

«አሜን አባቴ፣ ይስጥልኝ» አለች። አልቆመችም። በሸክም ላይ መቆም እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን።

አባባ ዞር ብለው ተመለከቷት። «እኔም ያለ ሸክም ስሄድ ነው ያየኋት። ተሸክሜ ቢሆን ኖሮ እኔም መሬቱን ነበር የማየው» አሉ።

ለመሄድ ካሰባችሁ

አንባቢያን፣ አዲስ አበባ ለጉዳይ ስትመጡ ግማሽ ቀን ካገኛችሁ እንጦጦን እዩ። በጠዋት ውጡ። ጋቢ ያዙ፣ ይበርዳል። ውሃና ቆሎ አትርሱ። ብቻችሁን አትሂዱ። ሳይመሽ ውረዱ፣ ጅብ አለ። በክረምት መንገዱ ያዳልጣል። ታክሲ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ። ሰሌዳውንም ራሳችሁ አንብቡ። ካላወቃችሁ ሰው ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አዲስ አበባ ካልመጣችሁም በአካባቢያችሁ አውቶቡስ የሚያልፍበት ተራራ ወይም ወንዝ ይኖራል። አንድ ቀን ያለ ሸክም ሂዱና እዩት።

በማግስቱ አባባን ወደ መናኸሪያው ሸኘናቸው። አውቶቡሱን እኛ ልናሳያቸው ስንል «ቆይ! ቆይ!» አሉን። የአገራቸውን ስም ራሳቸው ከሰሌዳው ላይ አንብበው ገቡ። በመስኮቱ በኩልም «ወይራው አይቆረጥም። ባሕር ዛፉን ጋራው ላይ እንተክለዋለን። ልጄን እነግረዋለሁ» ብለው ሄዱ።

እስቲ መልሱ
1. አዲስ አበባ ከቦታዋ እንዳትነቀል ያደረገው ዛፍ የትኛው ነው?
2. የእንጦጦ ውሃ በየት በየት በኩል ይወርዳል?
3. በእናንተ ቀዬ ምንጩ አጠገብ ምን ዛፍ አለ?